ገንዘቡ ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ልጁስ ማንበብ ቻለ?

ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ልንገራችሁ። ያለው አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ ነው። ልኩ የኦሎምፒክ ነው። ከውሃው በታች ቆመው ዋናተኞቹን በመስታወት የሚያዩበት ክፍል ሳይቀር ተሠርቶለታል። የተሠራው ደግሞ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ከተማ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሰማይ አካላት ማሳያ አዳራሽ ተሠራ፣ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ተሠራ፣ የሮቦት ላብራቶሪ ተሠራ፣ ተማሪዎች እንደ ተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተቀምጠው የሚከራከሩበት የትርጉም መሣሪያ ያለው አዳራሽ ሁሉ ተሠራ።

ይህ የመጣው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ራስል ክላርክ የተባሉ የፌዴራል ዳኛ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይተው በማስተማር ያደረሱት በደል መካስ አለበት አሉ። ሕንፃዎቹም አርጅተው ነበር። ስለዚህ ግዛቱና የከተማዋ ትምህርት አስተዳደር ወጪውን እንዲችሉ አዘዙ። በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ፈሰሰ። 15 አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተገነቡ። የመምህራን ደመወዝ ከፍ አለ። ለአንድ መምህር የሚደርሰው ተማሪ 12 ወይም 13 ብቻ ሆነ፤ ይህ ማንም መምህር ቢያገኘው የሚደሰትበት ቁጥር ነው።

የፈተናው ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም። በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው ክፍተትም አልጠበበም። በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ዳኛው ከሥልጣናቸው አልፈዋል ብሎ ወሰነ። በ2000 ደግሞ የከተማዋ ትምህርት አስተዳደር ዕውቅናውን ተነጠቀ።

ልጆቹ ያ ገንዳ አይገባቸውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ መማር የለበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። የሪፎርም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ዓይን ለሚያየው ነገር ነው፤ ልጅ ማንበብ የሚማረው ግን ዓይን በማያየው ሰዓት ነው፣ በሩ ተዘግቶ መምህሩና ልጆቹ ብቻቸውን ሲቀሩ። ያ ሰዓት ሳይነካ ከተተወ፣ በዙሪያው ምንም ያህል ገንዘብ ቢከመር ልጁ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ከተማ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። የዓለም ባንክና አጋሮቹ በ2022 ባወጡት ግምት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚኖሩ የ10 ዓመት ልጆች 70 በመቶ ያህሉ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ኮቪድ ነው ምክንያቱ እንዳይባል፣ ከኮቪድ በፊትም ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ደብተር ይዘው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ በየጠዋቱ ይሰለፋሉ።

በጀት የሚለካው የት ላይ ነው?

በ2015 አገሮች ደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቾን ላይ ተሰብስበው ከጠቅላላ የመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶው፣ ወይም ከአገር ውስጥ ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶው ለትምህርት እንዲውል ተስማሙ። ግቡ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የሚለካው ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ቁጥሩ አይናገርም።

ኡጋንዳ ላይ የሆነውን እዩ። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ይመድብ ነበር። ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሥራ ሠሩ፦ ማዕከላዊው መንግሥት ላክሁ ያለውን ገንዘብ ትምህርት ቤቶቹ ደረሰን ካሉት ጋር አስተያዩ። ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ምንም አላዩም። ቀሪው በየአካባቢው አስተዳደር እጅ ቀርቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ በጀቱ ሰነድ ላይ አለ፣ ርዕሰ መምህሩ ግን ጠመኔ የሚገዛበት የለውም።

ከዚያ የተወሰደው እርምጃ ብዙ ወጪ አልጠየቀም። መንግሥት ለየትኛው ወረዳ በየወሩ ስንት እንደላከ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ተደረገ። በ2001 ከተላከው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ይደርስ ነበር። በእርግጥ በዚያው ጊዜ ሌሎች የአስተዳደር ለውጦችም ስለነበሩ ሁሉንም ምስጋና ለጋዜጣው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም አንድ ወላጅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቁጥር አይቶ ይህ ገንዘብ የት ገባ ብሎ መጠየቅ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ፣ ገንዘቡ በሙሉ ቢደርስም ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

ደመወዝ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር

ኢንዶኔዥያ በ2005 አንድ ሕግ አወጣች። የብቃት የምስክር ወረቀት ያገኘ መምህር የመሠረታዊ ደመወዙን ያህል ተጨማሪ ይከፈለዋል፤ በቀላሉ ደመወዙ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ጠንከር ያለ ምዘና ነበር፣ በሂደት ግን እየላላ ሄዶ በአብዛኛው ማስረጃ አደራጅቶ ማስገባት ሆነ። ተመራማሪዎች 360 ትምህርት ቤቶችን ወስደው፣ በዕጣ በተመረጡ 120 ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ጭማሪውን ቀድመው እንዲያገኙ አደረጉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ ጭማሪውን ያገኙት መምህራን ኑሯቸው ቀሏል፣ ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩት ቀንሰዋል፣ የገንዘብ ጭንቀታቸው ረግቧል። ተማሪዎቻቸው ግን ከሌሎቹ የተለየ ነገር አልተማሩም።

ይህን ጥናት እያነሱ መምህር ደመወዝ አይጨመርለት የሚሉ አሉ። አልስማማም። መምህር በክብር መኖር አለበት፣ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም። ጥሩ ደመወዝ ከጊዜ በኋላ ጎበዝ ወጣቶችን ወደ ሙያው ሊስብም ይችላል፤ ለዚያ ግን ብዙ ዓመት መጠበቅ አለ። ጥናቱ የሚያሳየው፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ትናንት የሚያስተምርበትን መንገድ እንዲለውጥ የሚያግዘው ነገር ካልተጨመረ፣ ደመወዙ ብቻውን ትምህርቱን እንደማይለውጠው ነው። ማስረጃ ማደራጀት ደግሞ ማስተማርን አያሻሽልም።

መጽሐፍስ? ምዕራብ ኬንያ ገጠር ውስጥ በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት አለ። ለትምህርት ቤቶች የአገሪቱ መማሪያ መጻሕፍት ተሰጡ። ማንም ሰው ይህ ይሠራል ብሎ ይወራረዳል። አማካይ ውጤቱ ግን አልጨመረም። የተጠቀሙት ድሮም ሰቃይ የነበሩት ልጆች ብቻ ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት አንዱን ልጅ ማሰብ ይበቃል። ቤቱ የሚናገረው የአካባቢውን ቋንቋ ነው። ሁለተኛ ቋንቋው ስዋሂሊ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ በሦስተኛ ቋንቋው። ገልጦ ያየዋል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይዘጋዋል። መጽሐፉ ደርሶታል። ሪፖርቱም መድረሱን ይመዘግባል።

የፔሩን በአጭሩ ልለፈው። መንግሥት ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ገዝቶ ለልጆች አከፋፈለ። በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራውና በ2012 የወጣው ግምገማ በሒሳብም በቋንቋም የውጤት ለውጥ አላገኘም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ መምህራኑም በኮምፒውተሩ ምን እንደሚያስተምሩ በቅጡ የነገራቸው አልነበረም።

አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ውጤት

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ የቴነሲና የካሊፎርኒያ ነገር ነው።

ቴነሲ በ1985 ሙከራ ጀመረች። በ79 ትምህርት ቤቶች 11 ሺህ ያህል ሕፃናት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል፣ በዕጣ ተደለደሉ። አንዳንዶቹ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 ባለበት ክፍል። መምህራኑም በዕጣ ነው የተመደቡት። ትንሽ ክፍል የደረሳቸው ልጆች ከፍ ያለ ውጤት አመጡ፤ ጥቁሮችና የድሃ ልጆች ደግሞ የበለጠ ተጠቀሙ። በትምህርት ጥናት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ካሊፎርኒያ ይህን አየች። በ1996 የግዛቱ ካዝና ሞልቶ ነበር፣ አገረ ገዢው ፒት ዊልሰን ደግሞ ሕዝብ የሚወደው ሥራ ይፈልጉ ነበር። ወደ 30 የሚጠጋ ተማሪ የነበረው የታችኛው ክፍል ወደ 20 እንዲወርድ ተወሰነ። ለፈጸመ ትምህርት ቤት በተማሪ 650 ዶላር ይከፈላል ተባለ። ሕጉ ሐምሌ ላይ ጸደቀ፣ ትምህርት የሚጀመረው ከሳምንታት በኋላ ነው። አስቡት እስቲ። አንድ ርዕሰ መምህር በበጋ ዕረፍቱ መሀል ለሁለት ክፍል ሦስት መምህር ያስፈልግሃል ተባለ፤ ክፍልም የለም፣ መምህርም የለም፣ ገንዘቡ ግን ካልፈጸመ አይመጣም።

ያደረጉት ምንድነው? ቤተ መጻሕፍቱን ክፍል አደረጉት። የሙዚቃ ክፍሉን፣ የኮምፒውተር ክፍሉን፣ አንዳንድ ቦታ የስፖርት አዳራሹን ሳይቀር። ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች በብዛት ተቀጠሩ። በሀብታም ሠፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች አዲስ ቦታ ሲከፍቱ፣ በድሃ ሠፈር ያሉ ልምድ ያላቸው መምህራን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚያ ሄዱ። የድሃው ሠፈር ልጅ ያነሰ ክፍል አገኘ፣ የምታስተምረውን ጎበዝ መምህር ግን ተነጠቀ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ከክፍሉ ማነስ የተገኘውን ጥቅም የጀማሪ መምህራን መብዛት በከፊል፣ አንዳንድ ቦታም ሙሉ በሙሉ እንደበላው አሳይተዋል። ዋጋው በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ሐሳቡ አንድ ነው። ቴነሲ ላይ ያንን ሐሳብ ይዞ ክፍል የገባው ዝግጁ የነበረ መምህር ነው። ካሊፎርኒያ ላይ የቀደመው የክፍያ ቀመሩ ነው፣ መምህሩ ከኋላ ሲፈለግ ከረመ። እዚህ ላይ ነው የብዙ ሪፎርሞች ጣጣ ያለው። ውሳኔው ላይ የሚሰጠው ጊዜ ረጅም ነው፣ ለዝግጅቱ የሚቀረው ሳምንት ነው፣ መምህሩ የሚሰማው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

የኦባማ አስተዳደር በ2010 ያሰፋው ለደካማ ትምህርት ቤቶች የተሰጠው የፌዴራል ድጎማም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በአጠቃላይ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ማግኘት ይችል ነበር፤ ግን ከአራት መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት፣ ለምሳሌ ርዕሰ መምህሩን አንስቶ ግማሹን ሠራተኛ መለወጥ፣ ወይም ትምህርት ቤቱን መዝጋት። በ2017 መጀመሪያ የወጣው የመንግሥቱ የራሱ ግምገማ በፈተና ውጤትም፣ በምረቃም፣ ኮሌጅ በመግባትም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ሰው ተለዋወጠ፣ አደረጃጀት ተለዋወጠ፣ ልጁ ግን ጠዋት ሲገባ ያው ዓይነት ትምህርት ነው የጠበቀው።

ለምን ይደጋገማል?

መልሱ ከክፋት ይልቅ ከሪፖርት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው የተገነባ ክፍል፣ የታተመ መጽሐፍ፣ የሠለጠነ መምህር ቁጥር ነው። እነዚህ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ያልቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሪባን ይቆረጥላቸዋል። አንድ ልጅ ማንበብ ለመቻል ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። እስከዚያ ባለሥልጣኑ ይቀየራል፣ አዲሱ ደግሞ የራሱን ሪፎርም ይዞ ይመጣል። የድሮው ውጤቱ ሳይታይ ይቀራል፤ መምህሩም አዲስ ቅጽ መሙላት ይጀምራል።

ሥልጠናን እንውሰድ። አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን ገለጻ ይደረጋል፣ መምህሩ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ሠለጠነ ተብሎ ይቆጠራል። ሰኞ ክፍሉ ገብቶ የተማረውን ሲሞክር አጠገቡ የሚቀመጥ የለም፣ አንዱ ነገር አልሄድ ቢለው የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ወደለመደው ይመለሳል፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ገልባጩ ልጅ የገለበጠውን ማንበብ ይቻል አይቻል ማንም አያጣራም።

መምህሩ ክፍል መግባቱ ራሱም በየቦታው የተረጋገጠ ነገር አይደለም። በ2006 የታተመ የስድስት አገሮች ጥናት (ባንግላዴሽ፣ ኢኳዶር፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፔሩ፣ ኡጋንዳ) ሳይነገር ድንገት ትምህርት ቤት ሲኬድ በአማካይ 19 በመቶ መምህራን ቦታቸው ላይ እንዳልተገኙ መዝግቧል። ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ደመወዙ ግን በጀት ላይ ሙሉ ነው።

ታዲያ ገንዘቡን እንቀንስ?

አይሆንም። ይህን ክርክር ወደዚያ የሚጎትቱት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ መነሻቸውም የቆየ ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ 4 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶችንና ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያጠናው የኮልማን ሪፖርት፣ ለልጁ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይበልጥ ይወስናል አለ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ዋጋ የለውም የሚል ሁሉ እሱን ይጠቅሳል።

ግን በ2016 ጃክሰን፣ ጆንሰንና ፐርሲኮ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ረጅሙን ጊዜ አዩ። በፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት በጀታቸው የጨመረላቸውን ትምህርት ቤቶች ልጆች አድገው ሥራ እስኪይዙ ተከታተሉ። ለ12ቱም የትምህርት ዓመታት በተማሪ 10 በመቶ የጨመረ ወጪ፣ ሲያድጉ ደመወዛቸውን 7 በመቶ ያህል ከፍ አድርጎት አገኙ። ለድሃ ልጆች ጥቅሙ ከዚህም የበለጠ ነበር። ገንዘቡ የሄደው ወደ መምህር ደመወዝ፣ ወደ አነሱ ክፍሎች፣ ወደ ረዘመ የትምህርት ዓመት ነው። በየዓመቱ የማይቋረጥ የዕለት ተዕለት ወጪ።

ስለዚህ ገንዘብ ይሠራል። የሚሠራው ግን ልጁና መምህሩ በሚገናኙበት ሰዓት ላይ፣ ሳይቋረጥ ሲያርፍ ነው። አንድ ሰሞን እንደ ጎርፍ መጥቶ የሚሄድ ገንዘብ ሕንፃ ትቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁለቱንም ወገን የምቃወመው፦ በጀት ጨመርን ብሎ የሚረካውንም፣ አልሠራም ብሎ የሚቆርጠውንም።

የብራዚሏ ሶብራል ከተማ ታሪክ ሁሌም ያጽናናኛል። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ውስጥ፣ ሴያራ በተባለ ድሃ ግዛት ያለች ከተማ ናት። በ2001 አካባቢ የከተማዋ አስተዳደር ልጆቹን አስነበበ። የታችኛውን ክፍል ከጨረሱት ግማሽ የሚጠጉት ማንበብ አይችሉም። ያንን ካዩ በኋላ ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ አድርገው አንድ ግብ ያዙ፦ ልጅ በጊዜው ማንበብ ይቻል። ርዕሰ መምህራን በፖለቲካ ትውውቅ መሾማቸው ቀርቶ በችሎታ ተመረጡ። መምህራን የሚያስተምሩበት የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ተሰጣቸው፣ ሥልጠናውም እሱኑ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩበት ሆነ። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሆነ አካል በየጊዜው ይመዘናሉ። በ2005 በአገር አቀፉ የትምህርት ጥራት መለኪያ 1,366ኛ የነበረችው ከተማ በ2015 አንደኛ ወጣች። ይህን ያደረገችው ከሀብታሞቹ የብራዚል ከተሞች በተማሪ ያነሰ እያወጣች ነው።

ግዛቱም ትምህርት ወሰደ። በ2007 ባወጣችው ሕግ ሴያራ ለከተሞች የምታከፋፍለውን የግብር ገቢ በከፊል ከልጆቹ የትምህርት ውጤት ጋር አያያዘችው። ከንቲባው ገንዘብ ከፈለገ ልጆቹ ማንበባቸውን ማየት ግድ ሆነበት።

ልጅን አስነብቦ ማየት ደግሞ ውድ ሥራ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህን ይሠራሉ። የሚይዙት አንድ ወረቀት ነው። ፊደሎች አሉበት፣ ጥቂት ቃላት፣ አንድ የአንደኛ ክፍል አንቀጽ፣ አንድ የሁለተኛ ክፍል አጭር ታሪክ። ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ እናቱ ቆማ ትሰማለች። በ2018 በገጠር ካገኟቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የሁለተኛ ክፍሉን ታሪክ ማንበብ የቻሉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ብዙ እናቶች ልጃቸው እስከየት ማንበብ እንደሚችል ያወቁት በዚያ ወረቀት ነው፤ ከዚያ በፊት በየዓመቱ የሚያዩት ልጁ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩን ብቻ ነበር።